አንድ ፕሮግራም ለእጅ ስልክና ለቢሮ ኮምፒዩተር፤ ለወገዳ ወረዳዎች የመረጃ ሥራ የሚሆን ምክር

በጥንት ጊዜ አንድ አዋጅ ወይም አንድ የሹመት ደብዳቤ ወደ ብዙ አገር የሚላክ ሲሆን ጸሐፊዎች ተቀምጠው በእጃቸው እየገለበጡ ያባዙት ነበር። ጸሐፊው ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ከብዙ ቅጂ መካከል በአንዱ ፊደል ይወድቃል፥ በሌላው ቍጥር ይለወጣል፤ እንዲህም በሆነ ጊዜ በአንድ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ የደረሰው ሹም የትኛውን ተከትሎ እንዲሠራ ይቸገራል። የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላ ግን ፊደል ለቃሚው አንድ ጊዜ አስተካክሎ የለቀመው ገጽ ሺህ ቅጂ ቢወጣበት ሺሁም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ስሕተት ቢገኝበትም የሚታረመው በአንድ ቦታ ነው።

ዛሬ የግብርና መረጃ በስልክና በኮምፒዩተር መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ የጥንቱ የቅጂ ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። ፕሮግራም ማለት መኪናው ምን ምን እንዲሠራ በተራ የሚነገርበት ጽሑፍ ነው፤ ባለሙያዎች ይህን ጽሑፍ ኮድ ይሉታል። የግብርና ልማት ሠራተኛው በቀበሌ በእጁ የሚይዘው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት ይሠራል። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ በዊንዶውስ ይሠራል፤ በሊኑክስ ወይም በማክ የሚሠራም አለ። አይፎን የያዘ ኃላፊም አይታጣም። እነዚህ ሥርዓቶች እንደ ልዩ ልዩ አገር ሰዎች የየራሳቸው ቋንቋና የየራሳቸው ልማድ አላቸው፤ ለአንድሮይድ በኮትሊን ወይም በጃቫ፥ ለአይፎን በስዊፍት፥ ለዊንዶውስ በሲ ሻርፕና በሌላም ቋንቋ ይጻፋል።

ስለዚህ አንድ የገበሬ መዝገብ በሦስት ዓይነት መኪና ላይ እንዲሠራለት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ማስጻፍ፥ ሦስት ጊዜ መክፈል፥ ደንቡም በተለወጠ ቍጥር ሦስት ጊዜ ማስለወጥ ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ አስጽፎ ያንኑ ጽሑፍ በሦስቱም ላይ ማሠራት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው መንገድ፥ ስለ ጥቅሙና ስለ ወሰኑ ነው።

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ የወገዳን አገር ምሳሌ እናድርግ። ወገዳ ማለታችን ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ነው፤ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች። አገሩ በምዕራብና በሰሜን ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ ተደግፎ፥ በምሥራቅና በደቡብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በላይ ውርጭ የሚያገኘው የደጋ ገብስና ድንች፥ በመካከል ጤፍና ስንዴ፥ በታች የቆላ ማሽላ ይበቅላል። ንፋስ መውጫ ወረታንና ወልድያን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ስለ ሆነች ሰውም ጭነትም በቀላሉ ይደርስባታል፤ በሸለቆው ዳር ያሉት ቀበሌዎች ግን ከመንገድም ከስልክ ምሰሶም የራቁ ናቸው። ድርቅ ደጋግሞ ስለሚጎበኘው በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ የተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ከደረሰባቸው ቦታዎች መካከል ስማዳና ጋይንት ይገኛሉ። እንደዚህ ባለ አገር የአንድ ቤተሰብ ስም፥ የነፍስ ቍጥሩ፥ የማሳው ስፋትና የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በመዝገብ ላይ በትክክል መስፈሩ ወይም አለመስፈሩ የጎተራ ጉዳይ ነው።

አሁን አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለስልክ አንድ ፕሮግራም፥ ለኮምፒዩተር ሌላ ፕሮግራም በልዩ ልዩ ሰዎች አስጽፏል እንበል። የመጀመሪያው ችግር የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠራችን ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በሌሎቹ ሦስት ወንጌላውያን ዘመን አምስት ናት። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለ ነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም ማለት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ዋለ። ከ2015 ቀጥሎ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ የ2019 ዓ.ም. ናት። የስልኩን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ይህን ደንብ ዐውቆ፥ የኮምፒዩተሩን የጻፈው ግን ሳያውቅ ቢቀር፥ የልማት ሠራተኛው በጳጉሜ 6 ቀን የመዘገበውን ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ወይም ሳይናገር ወደ ሌላ ቀን ያዛውረዋል። ከዚያም በኋላ በሁለቱ መዝገቦች መካከል የአንድ ቀን መዛነፍ ለወራት ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ከመሬት ልክ ነው። ገበሬው ማሳውን የሚናገረው በጥማድ ነው፤ ጥማድም በብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ያህል ተብሎ ይታሰባል፥ ነገር ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በስልኩ ውስጥ አንድ ልክ፥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ ልክ የተጻፈ እንደ ሆነ ማሳው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ስፋት ይኖረዋል፤ ሁለት የማዳበሪያ ሒሳብም ይወጣለታል። ሁለቱ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ ያለ እንከን የሚሠሩ ስለሚመስሉ ጥፋቱ የሚገለጠው ማዳበሪያው ከተከፋፈለ በኋላ ነው። ያን ጊዜም የልማት ሠራተኛውና የወረዳው ባለሙያ እርስ በርሳቸው ሲወቃቀሱ የዘር ጊዜ ያልፋል።

ይህን የመሰለ ችግር እንዴት እንደሚፈታ የራሳችን ፊደል የቅርብ ምስክር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች አወጡ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ስለ ሰጠ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በሦስተኛው እትም ሲገባ ግን እያንዳንዱ ፊደል በሁሉም መኪና ዘንድ አንድ ቍጥር ብቻ እንዲኖረው ሆነ። ከጎንደር የተላከው ደብዳቤ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም አንድ ሆኖ የሚነበበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ አንድ ቢሆንም ፊደሉን በቁልፍ የመምታቱ ዘዴ በስልክና በኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ሆኖ ነበር። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ኪማን የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም በ1993 ማርክ ደርዲን የተባለ አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ በ2015 ኤስ አይ ኤል የተባለው የቋንቋ ጥናት ድርጅት ተረከበው። በኪማን ዘንድ የአንድ ቋንቋ የአጻጻፍ ደንብ፥ ማለት የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር ሲመታ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ፥ አንድ ጊዜ በአንድ ፋይል ይጻፋል። ያው ደንብ በዊንዶውስ፥ በማክ፥ በሊኑክስ፥ በአንድሮይድና በአይፎን ላይ ይሠራል። ግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ የቁልፍ ገበታም ከእነዚህ አንዱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የደንቡ ፋይል አንድ ነው፤ ደንቡን ከየመኪናው ጠባይ ጋር የሚያስማማው ክፍል ግን ለየሥርዓቱ ለብቻው ተሠርቷል። በስልክ ላይ በጣት የሚነካ ገበታ ያስፈልጋል፥ በኮምፒዩተር ላይ ግን ገበታው ከመኪናው ጋር የመጣ ነው። የጋራ የሚሆነውንና የተለየ የሚሆነውን ለይቶ ማወቅ የዚህ ሥራ ዋናው ጥበብ ነው።

በግብርናውም ሥራ ወደዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፥ በኋላም ኢንስቲትዩት የተባለው፥ በ2006 ዓ.ም. ለገበሬው በ8028 ቍጥር የስልክ የምክር አገልግሎት አቋቁሟል። አገልግሎቱ በድምፅ ስለ ሆነ ማንኛውም ዓይነት ስልክ፥ ያረጀውም አዲሱም፥ ሊጠቀምበት ይችላል። አንዱ ምክር በማእከል ተዘጋጅቶ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በትግርኛ ይሰማ ነበር፤ ለየስልኩ ዓይነት ሌላ ሥራ አላስፈለገም። እንደዚሁም የስንዴ ዋግ አደጋን አስቀድሞ ለማስታወቅ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሀገር ውስጥና ከውጭ አገር ተባባሪዎቹ ጋር ባቋቋመው ሥራ፥ ከማሳ የሚሰበሰበው ወሬ ከነፋስና ከአየር ትንበያ ጋር እየተገናዘበ ማስጠንቀቂያ እንዲደርስ ተደርጓል። በዚህ ዓይነት ሥራ ወሬው ከብዙ እጅ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ካልተስማማ ትንበያው ሊታመን አይችልም።

እንግዲህ አንድን ኮድ በብዙ መኪና ላይ ለማሠራት በዓለም ላይ የታወቁት ዘዴዎች የትኞቹ ናቸው ቢባል፥ በአጭሩ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ሳያስጽፉ የጥያቄውን ቅጽ ብቻ የጋራ ማድረግ ነው። በ2008 በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዲኬ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ጥያቄዎቹ በተራ ሰንጠረዥ ይጻፋሉ፥ ያው ሰንጠረዥ በአንድሮይድ ስልክና በኮምፒዩተር ማሰሻ ላይ ቅጽ ሆኖ ይከፈታል። ሁለተኛው ሥራውን እንደ ድረ ገጽ አድርጎ መሥራት ነው፤ ማሰሻ ያለው መኪና ሁሉ ይከፍተዋል፥ ነገር ግን መረብ በሌለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ለማድረግ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሦስተኛው መልኩንም ሥራውንም በአንድ የጋራ ቋንቋ መጻፍ ነው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ የጃቫ ቋንቋ በ1995 ሲወጣ በዚሁ ተስፋ ነበር። ፌስቡክ በ2015 ሪአክት ኔቲቭን፥ ጉግልም በ2018 የፍለተርን የመጀመሪያ ሙሉ እትም አወጡ። ፍለተር መጀመሪያ ለስልክ ብቻ የነበረ ሲሆን በ2022 በዊንዶውስ፥ በማክና በሊኑክስ ላይም ለሥራ ብቁ ሆኗል። አራተኛው ደንቡንና ሒሳቡን ብቻ የጋራ አድርጎ፥ መልኩን ለየመኪናው እንደ ጠባዩ መጻፍ ነው፤ በ2023 ለሥራ ብቁ መሆኑ የተነገረለት የኮትሊን የብዙ ሥርዓት አሠራር ለዚህ ይረዳል። ከላይ የጠቀስናቸው የጳጉሜና የጥማድ ደንቦች በሦስተኛውም በአራተኛውም መንገድ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋሉ።

ነገር ግን የአንድነት መንገድ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ድሮፕቦክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ ለአይፎንና ለአንድሮይድ የጋራ ኮድ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ሲጽፍ ቆይቶ፥ በ2019 ይህን አሠራር መተዉን አስታወቀ። ምክንያቱም የጋራውን ኮድ ከሁለቱ ሥርዓቶች ጋር ለማስማማት ራሱ ብዙ መሣሪያ መሥራት ስላስፈለገውና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችን ማግኘት ስለ ከበደው ነው። እንደዚሁም ዛማሪን የተባለው የጋራ መሣሪያ በማይክሮሶፍት እጅ ሳለ ድጋፉ በሜይ 1 ቀን 2024 ተቋርጦ፥ በእርሱ የጻፉት ሁሉ ወደ ሌላ መዛወር ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ የጋራ ኮድ የሚመርጥ መሥሪያ ቤት ከሠሪው ቀጥሎ ጠጋኙ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ይህን ነገር የጎንደር ሰው ከታሪኩ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱት። ከመቅደላ በኋላ ሠራተኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲሄዱ የጋፋት የብረት ሥራ ተቋረጠ። መድፉ በመቅደላ ቀረ፥ ዕውቀቱ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሉን በጋፋት ስም መሰየሙ ይህን ለማስታወስ የሚበቃ ነው። በአገሩ ውስጥ የተማሩ ልጆች ኮዱን አንብበው ሊጠግኑት የሚችሉ ከሆነ ፕሮግራሙ ይኖራል፤ ኮዱ በሻጩ እጅ ብቻ ከቀረ ግን ሻጩ በሄደ ቀን ያበቃል። በዚህም ረገድ የጋራ ኮድ ጥቅም አለው፤ ሦስት ዓይነት ቋንቋ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ከመፈለግ አንዱን ቋንቋ በደንብ የሚያውቁ ሁለት ሰዎችን በወረዳና በዞን ማቆየት ይቀላል።

ስለዚህ ለዞንና ለወረዳ የግብርና ኃላፊዎች የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ፕሮግራም ከማስጻፍ በፊት የሚፈለገው ነገር በቅጽ ብቻ የሚፈጸም መሆኑ ይመርመር። ጠይቆ መመዝገብ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ዘዴ ይበቃል፤ የመንግሥትም ገንዘብ ይተርፋል።

ሁለተኛ፥ ፕሮግራም ማስጻፍ ግድ የሆነ እንደ ሆነ የዘመን አቆጣጠሩ፥ የመሬቱ ልክ፥ የማዳበሪያው ሒሳብና የርዳታው ደንብ በአንድ ቦታ ብቻ የተጻፉ መሆናቸው በውሉ ላይ ይግባ። ሲረከቡም የጳጉሜ 6 ቀንንና የአንድ ታወቀ ማሳን ልክ በስልኩም በኮምፒዩተሩም አስገብተው ውጤቱ አንድ መሆኑን በዓይናቸው ይመልከቱ።

ሦስተኛ፥ ፕሮግራሙ ያለ መረብ መሥራት አለበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ ይታወሳል፤ በሸለቆ ውስጥ ላሉት ቀበሌዎችማ መረብ ማጣት የየቀኑ ነገር ነው። ስልኩ መዝገቡን በሆዱ ይዞ ቆይቶ መረብ ባገኘ ጊዜ ይላክ። በዚህ መካከል ስለ አንድ ቤተሰብ በቀበሌና በወረዳ ሁለት ልዩ ልዩ እርማት ተደርጎ ቢገኝ የትኛው እንደሚጸና በሰው ውሳኔ ይለቅ እንጂ ፕሮግራሙ አንዱን ዝም ብሎ አይሰርዝ።

አራተኛ፥ ኮዱ አንድ ቢሆንም የሁሉም ስልክ በአንድ ቀን አይታደስም። ንፋስ መውጫ ያለው የልማት ሠራተኛ አዲሱን እትም ዛሬ ሲያገኝ በበሽሎ ዳር ያለው ከወር በኋላ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሪፖርት በየትኛው እትም እንደ ተጻፈ ቍጥሩን ይዞ ይምጣ፤ የሁለት እትም ሪፖርት ሳይለይ አይደመር።

አምስተኛ፥ በሰሌዳው ላይ የሚታየው የአማርኛ ቃል ሁሉ ከኮዱ ተለይቶ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። የጋይንት ገበሬ የማያውቀው ቃል ቢገኝበት የወረዳው ባለሙያ ያለ ፕሮግራም ጸሐፊ ሊያርመው ይችላል።

ስድስተኛ፥ የኮዱ ባለቤትነት የመሥሪያ ቤቱ ይሁን፤ ቅጂውም በዞን ይቀመጥ። መሣሪያው ሲመረጥ ደግሞ ዓመታት የቆየ፥ ብዙ ሰው የሚያውቀውና ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት የሆነው ይመረጥ።

ሰባተኛ፥ ሙከራው በከተማ በተገዛ አዲስ ስልክ ብቻ አይደረግ። የጋራ ኮድ አንዳንድ ጊዜ ለየመኪናው ከተጻፈው ይልቅ ይከብዳል፤ የባትሪ ኀይልም ይበላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው በእውነት የሚይዘው ርካሽ ስልክ ተወስዶ፥ ኤሌክትሪክ በሌለበት የቆላ ቀበሌ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈተንበት።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ የመጨረሻው ዳኛ ገበሬው ነው። በስማዳ ቆላ ያለች አንዲት የቤተሰብ ኃላፊ ሴት የልማት ሠራተኛው ስሟን፥ የልጆቿን ቍጥርና የማሳዋን ጥማድ በስልኩ ሲጽፍ ታያለች፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ወዴት እንደሚሄድና በስንት መኪና እንደሚያልፍ አታይም። በወረዳ፥ በዞንና በክልል የሚከፈተው መዝገብ እርስዋ በደጅዋ የተናገረችውን አንድም ሳይጨምር አንድም ሳያጎድል የያዘ እንዲሆን ማድረግ የእኛ የሹማምንቱ ግዴታ ነው። የሚመጣው የመኸር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ በእጁ ያሉትን ፕሮግራሞች ቈጥሮ፥ አንዱን ሒሳብ በሁለት ቦታ የሚሠሩ እንደ ሆነ ለይቶ እንዲያስታውቅ እናሳስባለን።